ምዕራፍ 7፦ ጋራዥ ደጃፍ ላይ የሚጠፋው ችግር

ቫኑ ጠዋት ከቤት ሲወጣ ደህና ነበር። ማርሹን በጊዜው ይቀይራል፤ ጉልበትም አላጣም። ባለቤቱ ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ጭኖ ወደ ዋሽንግተን ሲመለስ ግን መንገዱ አጋማሽ ላይ መኪናው ክፉኛ ይነጥራል። ሞተሩ ይጮኻል፤ ፍጥነቱ ይወድቃል፤ ነዳጅ ቢሰጠውም ከዚያ በላይ አልሄድም ይላል። ሹፌሩ ዳር ይይዛል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ያስነሳል። ቫኑ ምንም እንዳልሆነ ይሄዳል። በማግስቱ ጋራዥ ሲወስደው መካኒኩ ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞሮበት ይመለስና "ምንም የለውም" ይለዋል። በሳምንቱ ያው ነገር ይደገማል። ለሦስተኛ ጊዜ ጋራዥ ሲሄድ ፍርዱ ይሰጣል፦ "ካምቢዮው ይወርዳል።"

የብዙ አሮጌ ቫን ባለቤት ታሪክ ይህን ይመስላል። ፍርዱ አንዳንዴ ትክክል ነው። ብዙ ጊዜ ግን የተቻኮለ ነው፤ ባለቤቱንም ከቫኑ ዋጋ የማይተናነስ ገንዘብ ያስወጣዋል።

ይህ ምዕራፍ የሚነሳው ከአንድ ቀላል እውነት ነው። ተበልቶ ያለቀ የፍሪሲዮን ሸራ ማክሰኞ ታሞ ረቡዕ አይድንም። የተሰበረ ጥርስም ተመልሶ አይበቅልም። ሞተር አጥፍቶ በማስነሳት ብቻ የሚወገድ ችግር በአብዛኛው የሚገኘው ብረቱ ላይ ሳይሆን ብረቱን በሚያዘው ክፍል ነው፤ ሽቦ፣ ሶኬት፣ ሴንሰር፣ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ ትእዛዝ የዘይቱን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ) ወይም ባትሪ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ጋር ደግሞ ዘይቱ አለ። ሁሉም ካምቢዮው ሳይወርድ የሚመረመሩ ናቸው።

ፔዳሉ የጠፋው ፍሪሲዮን

ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፤ አማርኛ ብዙ የመኪና ቃላቱን የወሰደው ከጣሊያንኛ ነው። አውቶማቲክ መኪና ውስጥ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ሦስተኛው ፔዳል አለመኖሩን ስለሆነ "ፍሪሲዮን የለውም" ይላል። የጠፋው ግን ፔዳሉ ብቻ ነው። በብዙ አሮጌ ቫኖች አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ አራትና አምስት ፍሪሲዮን አለ። እያንዳንዱ በዘይት የተነከሩ ስስ ዲስኮች ድርድር ነው። ዘይት በግፊት ሲገባበት ዲስኮቹ ተጣብቀው አብረው ይዞራሉ፤ ግፊቱ ሲነሳ ይላቀቃሉ። ጥርሶቹ ሁልጊዜ እንደተያያዙ ናቸው። ማርሹን የሚወስነው የትኛው ፍሪሲዮን እንደያዘና የትኛው እንደለቀቀ ነው።

በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ቶርክ ኮንቨርተር ተቀምጧል። ሁለት ማራገቢያዎች ፊት ለፊት ገጥመው በዘይት በተሞላ እቃ ውስጥ እንዳሉ ማሰብ ይቻላል፤ አንዱ ዘይቱን ይወረውራል፣ ሌላው በተወረወረው ዘይት ይዞራል። የሐሳቡ ባለቤት ጀርመናዊው መሐንዲስ ሄርማን ፎቲንገር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ለመርከብ ብሎ ነበር። በመኪና ላይ በብዛት የተመረተው የመጀመሪያው ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ ጄኔራል ሞተርስ በ1939 ለ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ያቀረበው ሃይድራማቲክ ነው።

እንግዲህ በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይት አራት ሥራ አለበት። ጉልበት ያስተላልፋል፣ ፍሪሲዮኖቹን ይጫናል፣ ብረቱን ያለሰልሳል፣ ሙቀት ተሸክሞ ወደ ማቀዝቀዣው ይወስዳል። ከአንዱ ቢጎድል ሌሎቹም ይጎድላሉ። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ደግሞ "መቼ ልቀይር?" የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰውም ዘይቱ ራሱ ነበር፤ ከመኪናው ፍጥነትና ከነዳጅ ፔዳሉ በሚመጣ ግፊት ቫልቮች ወዲያና ወዲህ ይገፉ ነበር። በ1980ዎቹ ውሳኔው ቀስ በቀስ ወደ ኮምፒውተር ተላለፈ። የሚመጣና የሚሄድ ችግርም የበዛው ከዚያ ወዲህ ነው።

የክራይስለር ትምህርት

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከክራይስለር ሚኒቫን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ከፎርድ ወደ ክራይስለር የተሻገሩት ሊ አያኮካና ሃል ስፐርሊክ በ1983 መጨረሻ ዶጅ ካራቫንና ፕሊመዝ ቮያጀርን ለገበያ አቀረቡ፤ የአሜሪካ ቤተሰብም እየጎረፈ ገዛቸው። ለ1989 ሞዴል ኩባንያው ኤ604 የተባለ፣ አልትራድራይቭ የሚል የንግድ ስም የተሰጠው ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ አወጣ። በኋላ ስሙ 41ቲኢ ሆነ። ካምቢዮው ማርሽ የሚቀይረው ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር ትእዛዝ ነው። አምስት ፍሪሲዮኖች አሉት። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ፍሪሲዮን እስኪይዝ ምን ያህል ዘይት እንደሚፈልግ እየለካ ይማራል፤ ሸራው እየሳሳ ሲሄድም ትእዛዙን ያስተካክላል።

ሐሳቡ ከዘመኑ የቀደመ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ለገዢዎቹ ከባድ ሆኑ። ብዙ ካምቢዮዎች ያለ ዕድሜያቸው ወደቁ። ከምክንያቶቹ አንዱ ከማንኛውም የብረት ስህተት ይልቅ ቀላል ነው፤ የተሳሳተ ዘይት። ካምቢዮው የተሠራው በክራይስለር መለኪያ 7176 ለተዘጋጀ ዘይት ነው። የጄኔራል ሞተርሱ ዴክስሮን ግን በየነዳጅ ማደያው ይሸጥ ስለነበር ብዙ ባለቤቶችና ጋራዦች እሱኑ ሞሉበት። ሁለቱም ቀይ ናቸው፤ በዓይን አይለዩም። ልዩነታቸው ዲስኮቹ ሲነካኩ በሚፈጥሩት ፍትጊያ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ በአንድ ዓይነት ፍትጊያ አስልቶ ሲያዝ ፍሪሲዮኑ በሌላ ዓይነት ይመልስለታል። ውጤቱ መንቀጥቀጥ፣ መንጠርና መንሸራተት ነው። በኋላ ኤቲኤፍ ፕላስ 3፣ ቀጥሎም ኤቲኤፍ ፕላስ 4 የተባሉት ዘይቶች ቦታውን ያዙ፤ ዛሬ ለእነዚህ አሮጌ ቫኖች የሚመከረው የመጨረሻው ነው።

ሹፌሩን ዳር ያስያዘው ነገርም መልሱ እዚሁ አለ። በካምቢዮው ላይ ሁለት የፍጥነት ሴንሰሮች አሉ። አንዱ ወደ ካምቢዮው የሚገባውን ዙር፣ ሌላው የሚወጣውን ዙር ይቆጥራል። የማርሾቹ ልክ የታወቀ ነው፤ 1ኛ 2.84፣ 2ኛ 1.57፣ 3ኛ 1.00፣ 4ኛ 0.69። በ3ኛ ማርሽ 2,000 ዙር ከገባ 2,000 ዙር መውጣት አለበት። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ቁጥሮች ያለማቋረጥ ያካፍላል። ሒሳቡ ከታወቀው ልክ ጋር ካልገጠመ "ፍሪሲዮን እየተንሸራተተ ነው" ብሎ ይደመድምና ካምቢዮውን ከመቃጠል ለማዳን የሶሌኖይዶቹን ኤሌክትሪክ ይቆርጣል። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ወደፊት የሚቀረው 2ኛ ማርሽ ብቻ ነው። በ4ኛ ማርሽ ሲበር የነበረ ቫን በድንገት 2ኛ ላይ ሲወድቅ የሞተሩ ዙር 2.3 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሹፌሩ የሰማው ጩኸት ይህ ነው።

ቁልፉ ጠፍቶ ሲበራ ኮምፒውተሩ ሥራውን እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ሒሳቡም ከገጠመለት አራቱንም ማርሽ ይሰጣል። ስለዚህ ቫኑ "ዳነ" የሚባለው ኮምፒውተሩ ጥርጣሬውን ለጊዜው ስለተወው ነው። ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ ግን ገና አልታወቀም። ሸራው በእርግጥ ተንሸራቶ ይሆናል፤ ወይም የሴንሰሩ ሽቦ ለቅጽበት ተቋርጦ አንዱ ቁጥር ዜሮ ሆኖ ይሆናል። ከኮምፒውተሩ ወንበር ሲታዩ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። በመካከላቸው ያለው የዋጋ ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ነው።

መቼ? የሚለው ጥያቄ

ጎበዝ መካኒክ ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት ይጠይቃል፤ ጎበዝ ባለቤትም መልሱን ጽፎ ይመጣል። በመኪናው ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ደብተር ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል። ችግሩ በመጣ ቁጥር ሰዓቱን፣ መኪናው ከተነሳ ስንት ደቂቃ እንደሆነው፣ ፍጥነቱን፣ ዳገት ወይም ቁልቁለት መሆኑን፣ ዝናብ መኖር አለመኖሩን መጻፍ ነው። አምስት ስድስት ጊዜ ከተጻፈ በኋላ መልኩ መታየት ይጀምራል።

ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ ማርሽ ሲገባ ሁለት ሦስት ሰከንድ የሚዘገይና ሲሞቅ የሚተወው ቫን ዘይቱ ጎድሎ፣ ወይም ግፊት የሚይዙት ጎማዎቹ በዕድሜ ደርቀው ሊሆን ይችላል። ይህ በውስጥ እርጅና ምክንያት የሚመጣና የሚሄድ ችግር ነው፤ እሱም ቢሆን ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል እንጂ በዘፈቀደ አይመጣም።

ሲሞቅ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ሁለት አቅጣጫ ይሄዳል። ሴንሰርና ሶሌኖይድ ውስጣቸው የተጠቀለለ ስስ ሽቦ ነው፤ ስንጥቅ ያለበት ሽቦ ሲሞቅ ይላቀቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። ሌላው ሞቃት ዘይት ስለሚቀጥን የደከመ ፓምፕ ወይም የሚያሾልክ ቫልቭ ግፊቱን ሊይዝ አለመቻሉ ነው።

ፍሬን ሲያዝ፣ ኩርባ ሲዞር ወይም ዳገት ላይ ብቻ የሚመጣ መንሸራተት መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው የዘይት ማነስን ነው፤ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ ፓምፑ አየር ይስባል። ጉድጓድ ሲመታ የሚመጣው የላላ ሶኬት ወይም የተፋቀ ሽቦ ነው።

ከዝናብ ወይም ከመኪና እጥበት በኋላ የሚመጣው ደግሞ ውሃ የገባበት ሶኬት ነው። የዚህ የታወቀ ምሳሌ የፎርድ ኢኮኖላይን ቫን ነው። ኢ4ኦዲ በተባለው ካምቢዮው ጎን ላይ ሹፌሩ ማርሹን የት እንዳስገባ ለኮምፒውተሩ የሚናገር ሴንሰር ተገጥሟል። ቦታው ለመንገድ ውሃ የተጋለጠ በመሆኑ ውስጡ ይዝጋል። ሲዝግ ኮምፒውተሩ ሹፌሩ "ዲ" ላይ አድርጎት ሌላ ቦታ ያደረገው ይመስለዋል፤ ማርሹም ያለ ምክንያት ይወጣል ይወርዳል። ለዚህ ተብሎ ካምቢዮው ሲወርድ ያሳዝናል፤ ሴንሰሩ በውጭ በኩል ተፈቶ የሚቀየር ነው።

ዘይቱ ምን ይላል?

ምርመራው የሚጀምረው ከዘይቱ ነው። በክራይስለር ሚኒቫን ዘይቱ የሚለካው መኪናው ተነድቶ ከሞቀ በኋላ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው። ሌሎች ኩባንያዎች ሌላ ሥርዓት ሊያዙ ስለሚችሉ የመኪናውን መመሪያ ማየት ያስፈልጋል። ሞተር ጠፍቶ የተለካ ዘይት ብዙዎችን አሳስቷል፤ በኮንቨርተሩ ውስጥ የነበረው ስለሚወርድ የሞላ ያስመስላል። ከልኩ በላይ የተሞላ ዘይትም አይጠቅምም። የሚሽከረከረው ብረት ሲመታው አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ እንደ ዘይት ግፊት አይሸከምም።

ጥቂት ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ይንጠባጠብ። እንደተቃጠለ እንጀራ የሚሸት፣ የጠቆረ፣ በጣት ሲታሽ ደቃቅ አሸዋ የሚመስል ነገር ያለው ዘይት ስለ ፍሪሲዮኖቹ ክፉ ወሬ ይዟል። እንደ ሻይ በወተት የነጣ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፤ ብዙ ጊዜም የሚገባው ራዲያተሩ ውስጥ ካለው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ነው። የኤቲኤፍ ፕላስ 4 ቀይ ቀለም ግን በአገልግሎት ብዛት የሚደበዝዝ ስለሆነ ቡናማ መሆኑ ብቻውን የብልሽት ማስረጃ አይሆንም። መካኒኩ በቀለም ብቻ ከፈረደ ባለቤቱ ሌላ ማስረጃ መጠየቅ አለበት።

የኤሌክትሪኩ መንገድ

ከዘይት ቀጥሎ ባትሪ ነው። የካምቢዮው ኮምፒውተር ሶሌኖይዶቹን በትክክል ለማዘዝ የተረጋጋ ቮልቴጅ ይፈልጋል። የደከመ ባትሪ፣ የላላ የባትሪ ራስ፣ ወይም ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ቦዲው የሚሄደው ሽቦ መዛግ ሞተሩን ሳያስቆም ካምቢዮውን ሊያሳብድ ይችላል። ጤነኛ ባትሪ ሞተር ሲጠፋ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተር ሲሠራ ደግሞ 14 አካባቢ ያሳያል። የባትሪውን ራሶች ፈትቶ አጽድቶ ማጥበቅ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይወስድም።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባትሪ ሲፈታ 41ቲኢን የመሰለ ካምቢዮ የተማረውን ሊረሳ፣ የመዘገበውንም የብልሽት ኮድ ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ኮዱ አስቀድሞ ይነበብ። ባትሪው ከተመለሰ በኋላ ማርሹ ለጥቂት ቀናት ሸካራ ቢሆን አዲስ ብልሽት ነው ብሎ መደንገጥ አይገባም፤ ኮምፒውተሩ ፍሪሲዮኖቹን እንደገና እየተማረ ነው።

ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የተሸጡ ተራ መኪኖች በሙሉ ከዳሽቦርዱ ሥር አንድ ዓይነት ባለ 16 ቀዳዳ የኮድ ማንበቢያ መሰኪያ አላቸው። "ፒ0700" የሚለው ኮድ የካምቢዮው ኮምፒውተር የሚናገረው እንዳለ ብቻ ያመለክታል። ርካሽ ማንበቢያዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማሉ፤ ንግግሩን ራሱን ለመስማት ካምቢዮውን የሚያነብ መሣሪያ ያስፈልጋል። "ፒ0715" የመግቢያ ፍጥነት ሴንሰር ምልክት ነው፤ "ፒ0720" የመውጫው። ከ"ፒ0731" እስከ "ፒ0734" ያሉት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ማርሽ ሒሳቡ እንዳልገጠመ ይናገራሉ።

በኢትዮጵያ መንገዶች በብዛት ለሚታዩት አሮጌ ቶዮታዎች ሌላ ቀላል መንገድ አለ። በኤሌክትሮኒክስ በሚታዘዙት ካምቢዮዎቻቸው ላይ ችግር ሲመዘገብ "ኦ/ዲ ኦፍ" የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። በ1990ዎቹ ሞዴሎች በሞተሩ ክፍል ባለው የምርመራ ሳጥን ውስጥ "ቲኢ1" እና "ኢ1" የተባሉት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ሲገናኙ መብራቱ ኮዱን በብልጭታ ይቆጥራል፦ 42 እና 61 የፍጥነት ሴንሰሮች፣ 62 እና 63 የማርሽ መቀየሪያ ሶሌኖይዶች፣ 64 የኮንቨርተሩ መቆለፊያ ሶሌኖይድ። ለዚህ ምርመራ የሚያስፈልገው ቁራጭ ሽቦ ብቻ ነው።

ኮድ ግን ጠቋሚ እንጂ ዳኛ አይደለም። "የመግቢያ ሴንሰር" የሚል ኮድ የሴንሰሩ ድምፅ ጠፋ ማለቱ ነው። ድምፁ የጠፋው ሴንሰሩ ሞቶ፣ ሽቦው ተቆርጦ፣ ሶኬቱ ዘይት ጠጥቶ ወይም ኮምፒውተሩ ታሞ ሊሆን ይችላል። ሴንሰር ገዝቶ ከመቀየር በፊት ሞተሩ እየሠራ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ ማነቃነቅና የመሣሪያውን ቁጥር ማየት ይገባል፤ ቁጥሩ ከዘለለ ቦታው ተገኘ። ሲሞቅ የሚጠፋውን ሞተሩ ጠፍቶ በፀጉር ማድረቂያ እያሞቁ፣ ዝናብ የሚያመጣውን በውሃ መርጫ እያረጠቡ ችግሩን ጋራዡ ውስጥ መጥራት ይቻላል። በኋለኞቹ የክራይስለር ሚኒቫኖች አንድ ተጨማሪ ፍንጭ አለ። የፍጥነት ጌጁ መረጃውን የሚያገኘው ከካምቢዮው የመውጫ ሴንሰር ነው። ማርሹ ሲወድቅ ጌጁም አብሮ ዜሮ ላይ ከወደቀ፣ ምርመራው የሚጀምረው ከዚያው ሴንሰርና ከሽቦው ነው።

ካምቢዮ የሚመስል ሌላ

አንዳንዴ ተከሳሹ ካምቢዮ፣ ጥፋተኛው ሞተር ነው። በ70 ወይም በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሰማ መንቀጥቀጥ ከኮንቨርተሩ መቆለፊያ (ሁለቱን ማራገቢያዎች አያይዞ አብረው እንዲዞሩ ከሚያደርገው ፍሪሲዮን) ሊመጣ ይችላል፤ አንድ ሲሊንደር እሳት ስለሳተም ሊመጣ ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ነዳጁን ሳይለቁ የፍሬን ፔዳሉን መብራቱ እስኪበራ ብቻ በቀስታ መንካት ነው፤ ከኋላ መኪና በሌለበትና ቀጥ ባለ መንገድ ይሁን። ፍሬን ሲነካ መቆለፊያው ይለቃል። መንቀጥቀጡ በዚያችው ቅጽበት ከቆመ ነገሩ ከኮንቨርተሩ ወይም ከዘይቱ ነው። ከቀጠለ ካንዴላና ኮይል መታየት አለባቸው።

የነዳጅ ፔዳሉን አቀማመጥ የሚለካው ሴንሰርም እንዲሁ ነው። እግር ብዙ ሰዓት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ውስጡ ይበላል። ኮምፒውተሩ እዚያች ነጥብ ላይ ሲደርስ ሹፌሩ ነዳጁን የለቀቀ ወይም በኃይል የረገጠ ይመስለዋል፤ በእኩል ፍጥነት ሲነዳ ማርሹ ወዲያና ወዲህ ይላል።

ካምቢዮው ራሱ ሲሆን

ዘይቱ ልኩን ይዞ፣ ኤሌክትሪኩ ጸድቶ፣ ሴንሰሮቹ ተመርምረው ችግሩ ከቀጠለ ወደ ግፊት መለኪያ ይኬዳል። በካምቢዮው ላይ ለዚሁ የተዘጋጁ ቀዳዳዎች አሉ፤ መለኪያው ተገጥሞ የእያንዳንዱ ፍሪሲዮን ግፊት ይነበባል። በ41ቲኢ ላይ ሶሌኖይዶቹ በአንድ ጥቅል ሆነው በካምቢዮው ውጫዊ አካል ላይ የታሰሩ ስለሆኑ፣ ጥፋቱ እነሱ ከሆኑ ካምቢዮው መኪናው ላይ እንዳለ ይቀየራሉ።

እውነተኛ የውስጥ ጉዳት ራሱን አይደብቅም። ሁልጊዜ በአንድ ማርሽ ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አይጎተትም፤ ዘይቱ ይቃጠላል፤ የዘይት ቋቱ ሲፈታ የብረት ፍንጣሪና የሸራ ቁራጭ ይገኛል። ማግኔቱ ላይ የሚገኝ እንደ ዱቄት የላመ ጥቂት ግራጫ ጭቃ ግን የማንኛውም ያገለገለ ካምቢዮ ነው። ፍንጣሪው ከተገኘ መንዳት ይቁም፤ በየኪሎ ሜትሩ ጉዳቱ ወደ ደህናዎቹ ክፍሎች ይዛመታል። ያኔ "ካምቢዮው ይወርዳል" የሚለው ቃል ትክክለኛ ፍርድ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ባለቤቱ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቅ፦ ሳይጠፋ በፊት የተነበበውን ኮድ፣ ዘይቱ ሞቆ ሲለካ የነበረውን ልክና ሁኔታ፣ የሁለቱን የፍጥነት ሴንሰሮች ንባብ ከግፊት መለኪያው ውጤት ጋር። እነዚህን ለመስጠት ፈቃደኛ ያልሆነ ጋራዥ ቫኑን ገና አልመረመረውም፤ መኪናውን ይዞ ወደ ሌላ መሄድ ይሻላል።